ከሶኬት የማይነቀል ስልክ

የእናቴ ስልክ ቦታው ፍሪጅ ላይ ነው። ከሥሩ ነጭ ዳንቴል ተነጥፎለታል፤ ራሷ የሠራችው። ቻርጀሩ ከሶኬቱ ተነቅሎ አያውቅም፤ ስልኩም ከቻርጀሩ። ስትደውል እንኳ ፍሪጁን ተደግፋ፣ ሽቦው እስከደረሰላት ድረስ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ነው የምታወራው።

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ልጠይቃት ሄድኩ። ቡና እየቆላች ነበር።

«ነይ እስኪ ይቺን ስልክ እይልኝ» አለችኝ። «ወፈረችብኝ።»

አነሳሁት። እውነትም ወፍሯል። ስክሪኑ በአንድ በኩል ከቀፎው ተላቆ ተነስቷል፤ በክፍተቱ ጥፍር ይገባል። ጠረጴዛ ላይ በጀርባው ሳስቀምጠው ዝም ብሎ አልተኛም፤ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ወዲያው ከቻርጀሩ ነቅዬ አጠፋሁት።

«ባትሪው አብጧል እማ። እንዲህ ሆኖ መሰካት የለበትም።»

ስለ እሳት አልጠየቀችኝም፤ ስለ ዋጋም አልጠየቀችኝም። «ታዲያ ሰው እንዴት ያገኘኛል?» ነው ያለችው።

ቡናውን ሳንጠጣ ባጃጅ ይዘን መርካቶ ወረድን። ጅማም መርካቶ አላት፤ ለማታውቋት ልንገራችሁ ብዬ ነው። የሞባይል ሠሪው ሱቅ ከአንድ ጠረጴዛ ብዙም አይሰፋም። ልጁ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ስልኩን እንዳየ መጀመሪያ የሻይ ብርጭቆውን ከጠረጴዛው አነሳ። የሙቅ አየር ማሞቂያው አጠገቡ ነበር፤ አልነካውም። «ላበጠ ባትሪ ሙቀት አይሆንም» አለ። ስክሪኑን በቀጭን ፕላስቲክ ካርድ ቀስ እያለ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ከፈተው።

ባትሪው ብርማ ከረጢት ነው። ጤነኛ ሲሆን እንደ ቸኮሌት ጠፍጣፋ ነው። የእናቴ ግን ትንሽ ትራስ መስሏል። ልጁ ከሙጫው ሲያላቅቀው እጁ አይቸኩልም ነበር። እናቴ አንገቷን አስግጋ ታያለች።

«ውስጡ አየር ከሆነ በመርፌ ብትበሳው አይተነፍስም?» አለችው።

«እማማ፣ እንዳይሞክሩት! ውስጡ የሚነድ ነገር ነው ያለው።»

ባትሪውን አውጥቶ በር ላይ ካለው የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ጨመረው። ቆርቆሮው ደረቅ አሸዋ ሞልቶታል። እንዲህ የሚጠነቀቅ ልጅ በማግኘታችን በጣም ደስ አለኝ። ብዙ ቦታ ያበጠ ባትሪ ቆሻሻ ላይ ሲጣል፣ ሕፃናትም ሲጫወቱበት አይቻለሁ።

አዲሱን ገጠመና ለእናቴ ምክር ሰጣት። «አዲስ ስለሆነ ዛሬ ሳይነቀል ስምንት ሰዓት ሙሉ ቻርጅ ያድርጉት። ከዚያ እስኪዘጋ ድረስ ይጠቀሙበት።»

«እንደ ምጣድ ይሟሻል ማለት ነው?» አለች እናቴ።

እኔ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ስለ ባትሪ ለተማሪዎቼ ለማስረዳት ስንት ዓመት ሙሉ ምሳሌ ፈልጌያለሁ። እናቴ አንድ ቃል ተናግራ አገኘችው።

ማሟሸት የሚያውቅ ያውቀዋል። አዲስ ምጣድ ተገዝቶ እንደመጣ እንጀራ አይጋገርበትም። ይሞቃል፤ በተፈጨ ጎመን ዘር ይታሻል፤ እንደገና ይሞቃል፤ ጠቁሮ እስኪያብረቀርቅ ድረስ። ላዩ ላይ ስስ ሽፋን ይያዛል። ያ ሽፋን ከሌለ እንጀራው ይጣበቃል። የስልክ ባትሪም ልክ እንዲሁ ይሟሻል። ልዩነቱ የሚሟሸው ቤታችን ሳይሆን ፋብሪካ ውስጥ መሆኑ ነው። ገዝተን ስናመጣው ሥራው አልቋል። ስምንት ሰዓት መሰካት አያስፈልገውም፤ እስኪዘጋ መጨረስም አያስፈልገውም። እነዚህ ምክሮች ከድሮዎቹ የኒኬል ባትሪዎች የተረፉ ናቸው። ባትሪዎቹ ከኪሳችን ከጠፉ ቆዩ፤ ምክራቸው ግን ቀረ።

ውስጡን ላሳያችሁ። ባትሪው ሁለት ወገን አለው። በአንዱ ወገን ሊቲየምና ኮባልት ከኦክስጅን ጋር የተዋሃዱበት ዱቄት በስስ አሉሚኒየም ላይ ተቀብቷል። በሌላው ወገን ግራፋይት በስስ መዳብ ላይ ተቀብቷል። ግራፋይት ማለት ያው የእርሳሳችን ጥቁሩ ነገር ነው። በመሃላቸው ቀዳዳዎቹ በዓይን የማይታዩ ስስ ፕላስቲክ አለ፤ ሁሉም በፈሳሽ ርሷል። ስልኩን ስትሰኩ ሊቲየሙ ከኮባልቱ ወገን እየለቀቀ፣ ፈሳሹን አቋርጦ ግራፋይቱ ንጣፎች መሃል ይገባል። ስትጠቀሙበት ተመልሶ ይሄዳል። ኤሌክትሮኖቹ ግን በፈሳሹ ማለፍ ስለማይችሉ በውጭ ይዞራሉ። ስክሪናችሁን የሚያበራው ያ ዙረት ነው።

ሊቲየሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ግራፋይቱ ሲመጣ ፈሳሹ ግራፋይቱን መቋቋም ያቅተዋል። ጥቂቱ ይበሰብስና ግራፋይቱ ላይ ስስ ቅርፊት ሆኖ ይለጠፋል። ማሟሸት ያልኩት ይሄን ነው። ቅርፊቱ ሊቲየሙን ያሳልፋል፤ ፈሳሹን ግን ያግዳል። እሱ ባይኖር ፈሳሹ በየቀኑ እየበሰበሰ ባትሪው ወዲያው ያልቅ ነበር። ፋብሪካዎች ለዚህ የመጀመሪያ ቻርጅ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይሰጡታል። ቀስ ብሎ የተሟሸ ምጣድ ዕድሜ አለውና።

እርጅናውም የሚጀምረው ከዚሁ ቅርፊት ነው። መወፈሩን አያቆምም። ግራፋይቱ ሊቲየም ሲሞላበት ወደ 10 በመቶ ገደማ ያብጣል፤ ሲለቅ ይቀንሳል። እንዲህ ሲነፋና ሲሟሽሽ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ አዲስ ቅርፊት ይሠራል። አዲሱ ቅርፊት የሚሠራው ደግሞ ከባትሪው ሊቲየም ነው። እዚያ የተያዘ ሊቲየም ተመልሶ አይሄድም። እያደር የሚመላለሰው ሊቲየም ያንሳል፤ ቅርፊቱ ስለሚወፍርም መንገዱ ይከብደዋል። «ባትሪዬ ደከመ» የምንለው ይሄንን ነው። ማንም አልሰረቀውም፤ ሊቲየሙ እዚያው አለ፤ ግን ታስሯል።

ይህን ባትሪ ለማግኘት ብዙ ሰው ለፍቷል። ስታንሊ ዊቲንግሃም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጀመረው። ጆን ጉዲናፍ በ1980 ኦክስፎርድ ሆኖ የኮባልቱን ወገን አመጣ። አኪራ ዮሺኖ በ1985 ጃፓን ውስጥ ደህንነቱ የሚያስተማምን አድርጎ አዋቀረው። በ1991 ሶኒ ለገበያ አቀረበው። በ2019 ሦስቱ የኬሚስትሪ ኖቤልን ተካፈሉ፤ ጉዲናፍ ያኔ 97 ዓመታቸው ነበር። ለተማሪዎቼ ግን ሁልጊዜ አራተኛ ስም እጨምራለሁ፤ ራሺድ ያዛሚ። የሞሮኮ ሰው ነው፤ የፌዝ ከተማ ልጅ። ሊቲየም ግራፋይት ውስጥ ገብቶ መውጣት እንደሚችል በ1980 አካባቢ ፈረንሳይ አገር ያሳየው እሱ ነው። ኖቤሉ ሦስት ሰው ብቻ ስለሚይዝ እሱ አልደረሰውም። ከሞሮኮ የተነሳ ልጅ ሥራ በእያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ አለ። ይሄ ለጅማ ተማሪ ትልቅ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ኮባልቱም ቢሆን በአብዛኛው የሚወጣው ከኮንጎ ነው፤ ሊቲየም ያለው ድንጋይ እኛም አገር ጉጂ ውስጥ አለ።

ወደ እናቴ ልመለስ። ማታ እቤት ስንደርስ አዲሱን ባትሪ ሰካችውና አጠገቡ ቆመች። ከ20 ወደ 60 ሲሮጥ ደስ አላት። ከ80 በኋላ ሲንቀራፈፍ «ይሄም ተበላሸ?» አለችኝ።

አልተበላሸም። ቧንቧ ሲመጣ ጀሪካን ስትሞላ ምን ታደርጋለች? መጀመሪያ ሙሉ ትከፍተዋለች። ውሃው አንገቱ ጋ ሲደርስ እንዳይፈስ ታጠበዋለች። ስልኩም እንዲያ ነው። መጀመሪያ ጉልበት ያለው ፍሰት ይገባል። ቮልቴጁ ከጣሪያው ሲደርስ ስልኩ ፍሰቱን እያጠበበ ይሄዳል። ጣሪያው በቆዩት ባትሪዎች 4.2 ቮልት ነው፤ በዛሬዎቹ ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል። ሲሞላ ራሱ ይዘጋዋል። ስለዚህ ሌሊቱን ሰክቶ ማደር ጤነኛ ስልክ አያፈነዳም። ይሄን ፍርሃት ብትተዉት ጥሩ ነው።

ነገር ግን አለመፈንዳት ሌላ፣ አለማርጀት ሌላ። ሙሉ ባትሪ የተወጠረ ባትሪ ነው። 100 ላይ ሲቀመጥ የኮባልቱ ወገን ሊቲየሙን ለቆ እረፍት የሌለው ይሆናል፤ ፈሳሹን መብላት ይጀምራል። ሙቀት ሲጨመርበት ሁሉም ይፈጥናል። በሙያው ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ አንድ ንጽጽር አለ። ባትሪን 40 በመቶ ሞልቶ 25 ዲግሪ ላይ አንድ ዓመት ብታስቀምጡት 96 በመቶ አቅሙ ይተርፋል። 100 ሞልቶ እዚያው ቢቀመጥ ወደ 80 ይወርዳል። 100 ሞልቶ 40 ዲግሪ ላይ ቢቀመጥ 65 ነው የሚቀረው። ማንም ሳይነካው፣ አንድ ስልክ ሳይደወልበት። ፈሳሹ ሲበሰብስ ደግሞ ጋዝ ይወጣል። የእናቴን ባትሪ ትራስ ያስመሰለው ያ ጋዝ ነው።

የሚያሳዝነኝ ጅማ ለባትሪ የተመቸች ከተማ መሆኗ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ነን። ጥላ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ዲግሪ በታች ነው፤ ሊቲየምን የሚጎዳ ውርጭም የለብንም። ጋምቤላ ወይም አፋር ያለ ሰው ይሄን አየር ቢያገኝ ስልኩ ይመርቀዋል። ሙቀቱን የምናመጣው እኛው ነን። የባጃጅ ሾፌሩ መስታወቱ ሥር ፀሐይ ላይ ያቆመዋል። ተማሪው ትራሱ ሥር ሰክቶ ይተኛል። እናቴ ፍሪጅ ላይ፣ በወፍራም የቆዳ ሽፋን አልብሳ፣ ከቡና መቁያው ከሰል ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ 100 ላይ።

ለምን እንደማትነቅለው አውቃለሁ። ለዚያ ነው ቶሎ ያልተቆጣኋት።

ከአራት ዓመት በፊት ነው። አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አጋሮ ነበር የሚኖረው። መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ዝናቡ ምሰሶ ጥሎ ነው ተባለ። ጊልገል ጊቤ ቁጥር አንድ እዚሁ ጅማ ዞን ውስጥ 184 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ ሽቦው ከወደቀ ግን ለእኛ ቤት ምንም ነው። የእናቴ ስልክ ማታውኑ ዘግቶ ነበር። እኔ ለሥልጠና ሌላ ከተማ ነኝ። አጎቴ ሌሊት አረፈ። ሲደውሉላት ስልኳ ዝግ ነው። ሰው እስኪላክ፣ ሰውየው በዝናብ መንገዱን ጨርሶ እስኪመጣ፣ ጀናዛው ዙሁር ላይ ተሰግዶ ተቀበረ። እናቴ የደረሰችው መቃብሩ ላይ ያለው አፈር እርጥብ እያለ ነው። ፊቱን አላየችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኳን ነቅላ አታውቅም። ወንድሜ ጅዳ ነው የሚሠራው፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ በኢሞ ይደውላል። የሱን ጥሪ ማጣት ትፈራለች። እንዲያውም ባትሪው ሲያረጅ ፍርሃቷ ባሰ። አንድ ሁለቴ ስልኩ 30 በመቶ እያሳየ ድንገት ዘግቶባታል። «ውሸታም ስልክ» ትለው ነበር። ስልኩ የሚያሳየው ቁጥር ግምት ነው። ያረጀ ባትሪ ቅርፊቱ ወፍሮ መንገዱ ስለከበደ፣ ቪዲዮ ሲከፈትና ብዙ ኃይል ሲጠየቅ ቮልቴጁ ይወድቃል። ስልኩ ያን ሲያይ ራሱን ያጠፋል። በ30 የሚዘጋ ስልክ ያለው ሰው ምን ያደርጋል? የባሰ ይሰካዋል። በተሰካ ቁጥር ያረጃል፤ ባረጀ ቁጥር ቀድሞ ይዘጋል። እናቴ ሦስት ዓመት እዚያ አዙሪት ውስጥ ነበረች፤ ብዙ ሰውም እዚያ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

በአዲሱ ባትሪ ላይ ያደረግኩት የመጀመሪያ ነገር በሴቲንጉ ውስጥ ገብቼ ቻርጁ 80 ላይ እንዲቆም ማድረግ ነው። አሁን ብዙ ስልኮች ላይ ይህ ምርጫ አለ። በማግስቱ ደወለችልኝ።

«ሃያውን የት አደረስሽው?»

«ለባትሪው ዕድሜ ነው እማ።»

«የኔስ ዕድሜ? መብራት ቢጠፋ ያ ሃያ የአንድ ቀን ስንቄ ነው።»

ይሄን ነገር ብዙ አሰብኩበት። በመጽሐፍ ከሄድን እኔ ትክክል ነኝ። አብዛኛው የስልክ ባትሪ 500 ያህል ሙሉ ዙር ሠርቶ 80 በመቶ አቅሙን እንዲይዝ ተደርጎ ነው ሲሠራ የቆየው፤ የአውሮፓ ኅብረት ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 800 ዙር ይጠይቃል። ዙር የምለው ስንት ጊዜ እንደተሰካ አይደለም። ዛሬ ግማሽ ነገ ግማሽ ብትሞሉ ተደምሮ አንድ ዙር ነው። 20 እና 80 መሃል የሚኖር ባትሪ ግን ከዚያም በላይ ይሄዳል። ይሁንና ባትሪው የተሠራው ለእናቴ ነው፤ እናቴ ለባትሪው አልተሠራችም። መብራት በማይጠፋበት አገር ለሚኖር ሰው የተጻፈ ምክር ቃል በቃል እሷ ላይ መጫን ልክ አልመሰለኝም።

ስለዚህ ተስማማን። ሽፋኑ ተጣለ። ስልኩ ከፍሪጁ ወርዶ መስኮቱ አጠገብ ያለችው የጅማ በርጩማ ላይ ተቀመጠ፤ እዚያ ከሰልም ፀሐይም አይደርስበትም። በደህና ቀን 80 ላይ ይቆማል፤ ይነቀላል። ሰማዩ ሲጠቁር 100 ይደረጋል፤ ቁልፉን አሳየኋት፣ ሁለት ቀን አስለመድኳት። በጓዳ አንድ ፓወር ባንክ አለ፤ ግማሽ ያህል ተሞልቶ ነው የሚቀመጠው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ እስኪረጋ ትንሽ ትጠብቃለች። ከመንገድ ዳር የሚሸጥ ርካሽ ቻርጀር እንዳትገዛ ቃል አስገብቻታለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ምንም ድርድር የለኝም።

ወር ቆይቼ ማታ ሄድኩ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። በሳሎን አጣኋት። ፍሪጁ ጋ የለችም፤ በርጩማዋ ላይም ስልኩ የለም። ድምፅዋ ከጓሮ ነው የሚመጣው። ወጣሁ። በነጠላ ጫማ እርጥቡ ሣር ላይ ቆማለች። ስልኩን በሁለት እጇ ወደ ላይ ዘርግታ ዛፉን ለወንድሜ ታሳየዋለች።

«አየኸው? ያኔ የተከልከው አቮካዶ ነው። ቆይ፣ በዚህ በኩል ደግሞ ላሳይህ።»

ወደ አጥሩ ሄደች። ስክሪኑን አየሁት፤ 64 ይላል።